ቦታውም ምስክር ነው

የካቲት 13 ቀን 2012 ዓ.ም. የቡራዩ ከተማ የፖሊስ ኃላፊ ሰሎሞን ታደሰ እዚያው ከተማ ውስጥ በጥይት ተገደሉ። የሰውን ደኅንነት ይጠብቁ የነበሩት ሰው ራሳቸው የምርመራ ጉዳይ ሆኑ። እኛም ይህን እያሰብን ስለ መርማሪዎች ትምህርት ጥቂት እንላለን።

በቀድሞ ዘመን ነፍሰ ገዳይ ሲሰወር አባቶቻችን አፈርሳታ ተቀምጠው ያገሩን ሰው ያውጣጡ ነበር። ዛሬም ተስፋችን በሰው አፍ ላይ ነው። ነገር ግን ምስክር ይፈራል፤ ይረሳል። በማስገደድ የተገኘ ቃልም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ማስረጃ አይሆንም።

ታዲያ ምን ይቀራል? ቦታው ይቀራል። ጥይት በርና ግድግዳ በስቶ እንደሆነ፣ ሁለቱን ቀዳዳዎች የሚያገናኝ ክር ቢወጠር ወደ ተኳሹ አቅጣጫ ያመራል። በቀለሃው ላይ መርፌው ያተመው ምልክት መሣሪያውን ለመለየት ይረዳል። በልብስ ላይ የቀረ የባሩድ ጥላሸት አፈሙዙ ቅርብ እንደ ነበረ ያስረዳል። ዳሩ ግን ቀለሃው ሳይለካና ፎቶግራፍ ሳይነሣ ከተነሣ፣ ወደ ቦታው የሚመልሰው የለም።

ስለዚህ ይህን ትምህርት ለላቦራቶሪ ባለሙያ ብቻ መስጠት አይበቃም፤ በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ ቀድሞ ለሚደርሰው ተራ ፖሊስም ይድረስ። ሰንዳፋ የሚገኘው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲና የኛ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የሕግ መምህራን ተባብረው ቢያስተምሩ ምን ይከለክላል? ማዕዘን መለካትን ለፈተና ብቻ ነውን የተማርነው?

ጓደኞቻችን ሆይ፤ የሰው ደም ይጮኻል ይባላል። የሚሰማው ግን የተማረ ጆሮ ነው።