ትዳር የሚያፈርሰው ማን ነው?

የተደበደቡ ሴቶችን የሚያስጠልሉ ድርጅቶች ሠራተኞች ትዳር በታኞች ናቸው፣ የባልና ሚስት ጠብ ለሽማግሌ ይተው፣ ገንዘባቸውም የባዕድ ነው የሚል ጽሑፍ ታትሞ አነበብሁ። በአንዱም አልስማማም።

ከሽማግሌው ልጀምር። በደምበጫ ዙሪያ የተደበደበች ሴት ወደ እናት አባቷ ቤት ትሸሻለች፤ ሽማግሌ ይላካል፤ ባል ይቅርታ ይጠይቃል፤ እሷም ትመለሳለች። ሽማግሌ በአገራችን ስንት ደም አድርቋል፣ አከብረዋለሁ። ሌሊት በሩ ሲዘጋ ግን እዚያ የለም። እሷ የምትፈልገው ስብራቷን የሚያሳክምላት፣ ፖሊስ ጣቢያ አብሯት የሚሄድ፣ ከነልጆቿ የሚያሳድራት ሰው ነው። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት የተነሣው ለዚሁ ነው፦ መጠለያ፣ ሕክምና፣ ምክር፣ የሙያ ሥልጠና። ይህ ትዳር መበተን ከሆነ፣ ዱላው ምን ሊባል ነው?

«የቤት ገመና» የሚለውም አያስኬድም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 564፣ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት ወንጀል አድርጎታል።

የገንዘቡ ክስ ደግሞ ተሞክሮ ታይቷል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከ10 በመቶ በላይ ገቢያቸውን ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሴቶች መብት ላይ እንዳይሠሩ ከለከለ። ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጥ የነበረው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ክፉኛ ተዳከመ። ክልከላው የተነሣው በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። በመካከሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡና አግብተው ከነበሩ ሴቶች 34 በመቶው ከትዳር ጓደኛቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው መዘገበ። ማኅበራቱ እጃቸው ታስሮ ሳለ የትኛው ትዳር ዳነ?

ጸሐፊው እነዚህ ሴቶች ዛሬ ማታ የት ይደሩ እንደሚል አልነገረንም። መጠለያው ይዘጋ ከማለቱ በፊት ይህን ይመልስ።