ከፍርስራሽ የሚወጣ ብረት ንጽህናው ይጠበቅ

እ.ኤ.አ. በ2024 ጦርነት በቤይሩት ደቡባዊ ዳርቻ የፈረሱ ሕንፃዎች ሲነሱ ከኮንክሪቱ ውስጥ የሚወጣው ፌሮ ወደ ውዳቂ ብረት ገበያ ያመራል። ውዳቂ ብረት ሊባኖስ ለውጭ ገበያ ከምታቀርባቸው ሸቀጦች አንዱ ነው፤ ከገዢዎቿም መካከል በዓለም ቀዳሚዋ የውዳቂ ብረት አስመጪ ቱርክ ትገኛለች። ውዳቂው በኤሌክትሪክ ምድጃ ቀልጦ ዳግም ፌሮ ሆኖ ለግንባታ ይቀርባል። የዓለም ባንክ ለሊባኖስ መልሶ ግንባታና ማገገሚያ 11 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልግ በ2025 መገመቱ፣ የሚገዛው ብረት ጥራት የብዙዎች ጉዳይ መሆኑን ያሳያል።

ብረት ስለቀለጠ ብቻ ግን አይጠራም። በ1,600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በቀለጠ ብረት ውስጥ ኦክስጅን ይሟሟል። እርሱን ለማስወገድ ሲሊኮን፣ ማንጋኒዝ ወይም አሉሚኒየም ይጨመራል። እነዚህም ከኦክስጅኑ ጋር ሲዋሐዱ ብረት ያልሆኑ ደቃቅ ቅንጣቶችን ይፈጥራሉ፤ መድኃኒቱ ራሱ ሌላ ሕመም ያስከትላል። ብዙዎቹ መጠናቸው የሚሊሜትር ጥቂት ሺህኛ በመሆኑ በዓይን አይታዩም። ሆኖም ብረቱ ሲሳብና ሲታጠፍ ስንጥቅ ከእነርሱ ሊጀምር ይችላል።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ከማቅለጫው ዕቃ ሥር የሚነፋው የአርጎን ጋዝ ቅንጣቶቹን ወደ ላይ ያወጣቸዋል፤ በላዩ የተንሳፈፈው ከኖራ የተሠራ ሽፋንም ይውጣቸዋል። በአሉሚኒየም የታከመ ብረት ከሆነ ጥቂት ካልሲየም ይጨመርበታል፤ ይህም ከ2,000 ዲግሪ በላይ ካልሆነ የማይቀልጠውን የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ወደ ፈሳሽነት ይለውጠዋል፤ የብረቱ መፍሰሻም እንዳይዘጋ ያደርጋል። ብረቱ ወደ መቅረጫው ሲፈስ ከአየር ካልተከለለ ግን ቅንጣቶቹ እንደገና ይወለዳሉ። ይህ ሁሉ ጊዜ ይጠይቃል። ምርት ለማፋጠን ከዚህ ሂደት የሚቀነስ ደቂቃ ከብረቱ ጥራት ይቀነሳል።

ምድጃው የማያስተካክለው ጥፋትም አለ። ከፍርስራሽ ሽቦዎች ጋር የሚገባው መዳብ አንዴ ከቀለጠ አይለይም። ስለዚህ ጥንቃቄው መጀመር ያለበት ውዳቂው ከሚደረደርበት ግቢ ነው።

ቤይሩት እ.ኤ.አ. በ551 በመሬት መንቀጥቀጥ የፈረሰች ከተማ ናት። ምሰሶና ወለል ተሸካሚ ፌሮ ከመሰበሩ በፊት ሊለጠጥ ይገባዋል። በእነዚህ ሕንፃዎች የሊባኖስ ቤተሰቦች ብቻ ሳይሆኑ፣ አብረዋቸው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችም ያድራሉ።

በመሆኑም ተቆጣጣሪዎችና ሥራ ተቋራጮች ፌሮን በዋጋው ርካሽነት ብቻ ሊመርጡ አይገባም። የፋብሪካው የምርመራ ወረቀት ይጠየቅ፤ ከየጭነቱ ናሙና ተወስዶ በመሳብና በማጠፍ ይፈተን። ከትናንቱ ፍርስራሽ የሚወጣው ብረት የነገውን ቤት መሸከም የሚችለው በዚህ መንገድ ሲታመን ነው።