ሰበብ የሚያውስ ቤት

አዲስ አበባ ውስጥ ቀኑ ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ግን በታኅሣሥ አጋማሽ 9 ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይዋ ትጠልቃለች። ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ያደገ ሰው ይህን ለመልመድ ዓመታት ይፈጅበታል፤ አንዳንዱም ጭራሽ አይለምደውም። ትልቅ ከተማ የሚኖር ሐበሻ ሲጨንቀው ምግብ ቤቱ አለለት፤ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ አለለት። ሥራ ፍለጋ ትንሽ ከተማ የገባው ግን፣ ለሥጋ ፋብሪካም ይሁን ለሆስፒታል፣ በበረዶው ወራት ዓለሙ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ነው። ሲመሽ መብራታቸው የሚታየው ነዳጅ ማደያውና ላይብረሪው ናቸው። ነዳጅ ማደያ ውስጥ ደግሞ ቁጭ ተብሎ አይመሽም።

በጥርና በየካቲት ከላይብረሪው በር አጠገብ ያለውን የማስታወቂያ ሰሌዳ ቆም ብሎ ያነበበ አዲስ ሰው ግራ ይገባዋል። ማክሰኞ ጠዋት፣ ገና ጭን ላይ ለሚቀመጡ ሕፃናት ተረትና መዝሙር። ረቡዕ ከሰዓት፣ ሹራብና ኪሮሽ። ሐሙስ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ለጎረምሶች የጠረጴዛ ጨዋታና ፒዛ። ዓርብ፣ የእንግሊዝኛ ጭውውት። ቅዳሜ ፊልም፤ ፋንዲሻው በነፃ። አንዳንዱ ላይብረሪ በረዶ ላይ የሚሄዱበትን ጫማ ያውሳል። ጨለማው ለሚከብዳቸው 10,000 ሉክስ የሚያበራ መብራት የሚያውስም አለ፤ ወስደው ጠዋት ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ያህል ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ። በየካቲት ማብቂያ ገደማ ደግሞ የድሮው የካርድ ካታሎግ መሳቢያ የዘር ፖስታ ይደረደርበታል። ሰው ይወስዳል፣ ይዘራል፣ ሲደርስለት ከዘሩ ይመልሳል። (የሐበሻ ጎመንና በሶብላ እዚያ መሳቢያ ውስጥ እስካሁን አላየሁም። ጓሮው ሙሉ ያለው ሰው ግን አውቃለሁ።)

“ታዲያ መጽሐፉስ?” የሚል አይጠፋም። የእኛ ሰው ላይብረሪን ከፈተና ጋር አያይዞ ነው ያደገው። ወመዘክር ገብቶ አንገቱን ደፍቶ ያጠና፣ ወንበር ሲስብ እንኳ የተቆጡት ሰው፣ ላይብረሪ ውስጥ ሴቶች ክብ ሠርተው እየሳቁ ሹራብ ሲሠሩ ሲያይ ቤቱ መንገድ የሳተ ይመስለዋል። “ግብራችን ለዚህ ነው የሚውለው?” ያለኝም አለ።

አዎ፣ ለዚህ ነው። ሰው ናፈቀኝ ብሎ የጎረቤት በር የሚያንኳኳ ብዙ የለም፤ ያሳፍራል። በተለይ ዕድሜው የገፋ፣ የትዳር ጓደኛው የሞተበት ሰው፣ እንዲያ ከሚል ቤቱን ዘግቶ ቴሌቪዥን ላይ ቢያፈጥ ይመርጣል። “ታክሴን ላሠራ ነው”፣ “የልጅ ልጄን ተረት ላሰማ ነው” ማለት ግን ማንንም አያሳፍርም። ላይብረሪው በብርዱ ወራት ከመጽሐፍ ይልቅ አብዝቶ የሚያውሰው ይህን ሰበብ ነው። ለእኛ ይህ አዲስ ሊሆን አይገባም ነበር። ቡና ጠጡ ብለን የምንጠራራው ቡናው ጠምቶን ብቻ ነው እንዴ? እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ መንግሥት ዋና የጤና ሹም የነበሩት ዶክተር ቪቬክ መርቲ ስለ ብቸኝነት ባወጡት ሰነድ፣ ከሰው ተነጥሎ መኖር ዕድሜን በማሳጠር በኩል በቀን እስከ 15 ሲጋራ ከማጨስ ጋር የሚስተካከል ጉዳት እንዳለው ጽፈዋል። ይህን የተረዳ ሰው የረቡዑን የሹራብ ክበብ የሥራ ፈት ስብስብ አይለውም።

ደግሞም ነገሩ የትናንት ፈጠራ አይደለም። በአሜሪካ በሕዝብ ገንዘብ ለሁሉም በነፃ የተከፈተው የመጀመሪያው ላይብረሪ የተቋቋመው ፒተርቦሮ በምትባል የኒው ሃምፕሸር ትንሽ ከተማ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1833። ኤቢየል አቦት የሚባሉ ቄስ ሐሳቡን አመጡ፣ የከተማው ሰው ተሰብስቦ ከስቴቱ ለትምህርት ከደረሰው ገንዘብ ላይ ቆርሶ መጽሐፍ ገዛ። ከዚያ በኋላ ባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ በመላ አገሪቱ ከ1,600 በላይ የላይብረሪ ሕንፃዎች አሠሩ። ቅድመ ሁኔታቸው ቀላል ግን ጠንካራ ነበር። ከተማው መሬቱን ይስጥ፣ በየዓመቱም የግንባታውን ወጪ አንድ አሥረኛ ለማስተዳደሪያ ይመድብ። ከእነዚያ ሕንፃዎች ብዙዎቹ ምድር ቤታቸው ውስጥ የስብሰባ አዳራሽ ነበራቸው። መጽሐፉ ከላይ፣ ሰው ከታች። ዛሬ ሹራብ የሚሠራበት ክፍል ከመጀመሪያውም ለጉባኤ የታሰበ ነበር ማለት ነው።

የማውቃቸው አንዲት እናት አሉ፤ የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ የመጡ። ልጃቸው በፈረቃ ነው የምትሠራው። ቀን ሕፃኑ፣ ማታ ከአገር ቤት የሚደወል ስልክ፣ በመስኮት ደግሞ በረዶ። ላይብረሪ እንሂድ ብላቸው ሳቁብኝ።

“ልጄ፣ እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው እዚያ ገብቼ ምን ልሆን?”

“ዳንቴልዎን ይዘው ነው የምንሄደው፣ እማማ።”

የሄዱ ዕለት ኮታቸውን ሳያወልቁ ጥግ ላይ ተቀመጡ። ማንም ምንም አላላቸውም፤ ወንበር ብቻ ሳቡላቸው። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሽማግሌ ፈረንጅ እጃቸውን ዘርግተው ዳንቴሉን ተቀበሏቸውና ገልብጠው ጀርባውን አዩ። የእጅ ሥራ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጀርባውን ነው፤ ቋጠሮው የሚታየው እዚያ ነውና። ዳንቴሉ ከእጅ እጅ ዞረ። ጥለቱን ለማስተማር የፈጀው ቃል “እንዲህ” የሚለው ብቻ ሲሆን እሱም በአማርኛ ነበር። በሌላ ሳምንት ሳልጠራቸው ተዘጋጅተው ጠበቁኝ። አንድ ቅሬታ ብቻ ነው ያሰሙኝ፤ “ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ የሚጠጡትን ግን ቡና አትበሉት።”

ማክሰኞ ጠዋትም እንዲሁ ነው። የተረት ሰዓቱ ለሕፃናት ይባል እንጂ፣ አብረው የሚመጡት እናቶችና አያቶች የሰውነት ክፍልና የቀለም ስም በእንግሊዝኛ ከልጆቹ ጋር እየዘመሩ ይለምዳሉ። ብዙ ላይብረሪዎች ሕፃኑ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት 1,000 መጽሐፍ እንዲነበብለት የሚያበረታታ ፕሮግራም አላቸው። ብዙ ይመስላል፤ በቀን ሦስት ከሆነ ግን በአንድ ዓመት ያልቃል። ያው መጽሐፍ ተደግሞ ቢነበብም ይቆጠራል። ችግሩ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ላይብረሪ ይሠሩ የነበሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስም የገጠማቸው ይኸው ነበር። መደርደሪያው ባዶ ሲሆንባቸው የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ ኋላም አገር ቤት ገብተው እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ላይብረሪ ከፈቱ፣ ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ አዞሩ።

የሐሙሶቹ ጎረምሶች ነገር አጭር ነው። ትምህርት ቤት 9 ሰዓት ይለቃል፣ ወላጅ 12 ሰዓት ይገባል፣ በመካከሉ ውጭው በረዶ ነው። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን ጨዋታ አይቶ “ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት የሰይጣን ሥራ ነው?” ያለኝ አባት ነበር። ልጁ ስልኩን ሳይነካ ከእኩዮቹ ጋር ፊት ለፊት ሲከራከር ማምሸቱን ሲያይ ግን ዝም አለ።

ታክሱንም ሳላነሳው አላልፍም። ኤኤአርፒ የሚባለው የአረጋውያን ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የሚያሰማራቸው በጎ ፈቃደኞች ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል 15 በየላይብረሪው ተቀምጠው የሰውን ታክስ በነፃ ይሠራሉ። አባልነት አይጠየቅም። የእኛ ሰው ግን በዚያው ሰሞን ሁለት ሰዓት መኪና ነድቶ፣ ከፍሎ ያሠራል።

ላይብረሪዎቹንም አሞግሼ ብቻ አልተዋቸውም። ፕሮግራሙ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይደረግና “ስደተኞቹ አይመጡም” ይባላል፤ በዚያ ሰዓት ስደተኛው ፋብሪካ ውስጥ ወይም ከሌሊት ፈረቃ ገብቶ እንቅልፍ ላይ ነው። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ብቻ ይለጠፋል። ሰው ስላልመጣ ፍላጎት የለም ይባላል፤ ፍላጎት ስለሌለ ደግሞ ሰዓቱ አይለወጥም። ይህን አዙሪት ለመስበር ግን ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እኛ ደግሞ መጠየቅ እንደ ልመና ሆኖ ይታየናል።

በየከተማው ያሉ ማኅበሮቻችን የራሳችን አዳራሽ ይኑረን ብለው ለዓመታት መዋጮ ይሰበስባሉ። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ግን እስኪገዛ ድረስ አረጋውያኑ የት ይሰንብቱ? የአሜሪካ ላይብረሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1939 ያጸደቀው የመብቶች ድንጋጌ፣ የስብሰባ ክፍል ለሕዝብ የሚፈቅዱ ላይብረሪዎች የጠያቂውን እምነትና ወገን ሳይለዩ በእኩልነት እንዲፈቅዱ ይላል። ፎርም ተሞልቶ፣ ቀን ተይዞ፣ የፊደል ትምህርትም ሆነ የአረጋውያን ከሰዓት እዚያው ይደረጋል።

ደግሞም በላይብረሪው በር የገባ ሰው ሁሉ ይቆጠራል። ይህን ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም። የላይብረሪው ሠራተኛ በየፕሮግራሙ ስንት ሰው እንደተገኘ የምትጽፈው ለወጉ አይደለም፤ ቁጥሩ ወደ ስቴቱና ወደ አገር አቀፉ ዓመታዊ ጥናት ይሄዳል፣ በጀት ሲጠየቅም ማስረጃ ይሆናል። የትንሽ ከተማ ላይብረሪ ገንዘብ ባብዛኛው የሚመጣው ከከተማው ግብር ነውና። በኒው ሃምፕሸር ብዙ ከተሞች ነዋሪው በበጀቱ ላይ ድምፅ የሚሰጠው በማርች ሁለተኛው ማክሰኞ ነው፤ ልክ የብርዱ ወራት ሲያበቃ። ወራቱን ምድር ቤት ያሳለፈ ሰው በዚያ ቀን እጁን የሚያወጣው በምን ላይ እንደሆነ ያውቃል። የፌዴራሉም ድጋፍ አስተማማኝ እንዳልሆነ ታይቷል፦ በማርች 2025 ለላይብረሪዎች ገንዘብ የሚያከፋፍለው የፌዴራል ተቋም እንዲኮማተር ፕሬዝዳንቱ ባዘዙ በሳምንታት ውስጥ፣ የሜይን ስቴት ላይብረሪ ሠራተኛ ቀንሶ ለጊዜው በሩን እስከ መዝጋት ደርሷል።

ስለዚህ ክፍሉን ያዙ። የቅዳሜ ከሰዓት ቶሎ ስለሚሞላ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። ወንበሮቹን መልሶ መደርደርና ወለሉን መጥረግ የተጠቃሚው ፈንታ ነው። ጀበናና ዳቦ ይፈቀድ እንደሆነም ጠይቁ። ቡናው ግን ቤት ተቆልቶ ይምጣ፤ የጭስ ጠቋሚው ሲጮኽ የእሳት አደጋ መኪና ይመጣል፣ በትንሽ ከተማ ደግሞ እሳት አጥፊዎቹ ባብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ከምሳቸው ተነሥተው ነው የሚመጡት። ዕጣኑም ቤት ይቅር።