የተዋናይ ሥራና ክብሩ

በአገራችን ሰውን የሚያስቅና ሌላውን መስሎ በመድረክ የሚታይ ሁሉ «አዝማሪ» እየተባለ ብዙ ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ቃሉ ከግዕዙ «ዘመረ» የወጣ ሲሆን ለስድብ መዋሉ ያሳዝናል። በቤተ ክህነት ትምህርት ያደግን እኛም ከዚህ ንቀት ንጹሓን ነበርን ለማለት አንደፍርም።

ነገር ግን መነሻውን ለመረመረ ንቀቱ መሠረት የለውም። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር «ፋቡላን»፣ የአስተዳደርን ጕድለት በአውሬዎች አስመስለው የጻፉት፣ በኋላ በጅሮንድ የተባሉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በቴአትር ድርሰት የታወቁት ዮፍታሔ ንጉሤም የጎጃሙ የደብረ ኤልያስ ልጅና የቅኔ ሰው ነበሩ። እንግዲህ ቴአትር ከሹምም ከሊቅም ቤት የተወለደ ነው እንጂ ባዕድ አይደለም።

ለዚህ ሙያ ክብር ዋና ምስክር አድርገን የምንጠራው ወጋየሁ ንጋቱን ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ አንዱ ድምፅ የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት፣ የሰብለ ወንጌል ርኅራኄ፣ የጉዱ ካሣም ፌዝ ይሆን ነበር።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ባለችው በአምበር፣ በልጅነታችን ጎረቤት ሁሉ በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ሲሰበሰብ አይተናል። ፊደል ያልቈጠረው ገበሬ ዲማንና ማንኩሳን የገዛ አገሩ ስለ ሆኑ ያውቃቸዋል። አንድ አረጋዊ ቄስ «የጨዋታ ነገር ነው» ብለው ርቀው ተቀምጠው ነበር፤ ጉዱ ካሣ በዘር የሚመካውን ሲወቅስ ግን በዝምታ አደመጡ፤ በማግሥቱም መጽሐፉ ከማን ዘንድ እንደሚገኝ ጠየቁ። ቤቱ ያን ማታ እንደ እብድ በሚቈጠረው ሰው ሥቆ ነበር፤ ሣቁ ግን ተመልሶ በሣቂው ላይ ፈረደ።

አንዳንዶች ቀልድ ሹምን ያስንቃል ይላሉ። በድኻና በአካለ ስንኩል የሚያፌዝ በእርግጥ ምስጋና አይገባውም። የሥልጣንን ጕድለት በጥበብ የሚያሳይ ግን እንደ ባለ ቅኔ ነው፤ ሰሙ ሣቅ፣ ወርቁ ምክር ነውና። «ፋቡላ» እንዳይታይ ተከለከለ፤ በዚህም መስተዋቱ ተሸፈነ እንጂ የፊቱ እድፍ አልታጠበም።

ስለዚህ ሥልጣን ያላችሁ ሹማምንት፣ የእንደነዚህ ያሉ ተዋንያን ድምፅ የተቀዳበት ክር ሳይበላሽ እንዲገለበጥና እንዲጠበቅ አድርጉ፤ የሞተ ሰው ድምፅ ሁለተኛ አይቀዳምና። የአምበርና የአካባቢዋ መምህራንም ልጆች መጽሐፉን በየተራ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያነቡ አስለምዷቸው። እናንተም አባቶች ካህናት፣ በመድረክ የሚያገለግለውን ልጃችሁን በስድብ ስም አትጥሩት፤ እናንተ በቅኔ የምታስተምሩትን እርሱ በሣቅ ያስተምራልና።