ፓስፖርት የከተማ ልጅ ርስት አይደለም!

ወገኔ፣ ላይክ አድርገህ ከማለፍህ በፊት አንድ ጥያቄ መልስልኝ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የማን ነው?

«የዜጋው ነዋ!» ትለኛለህ። ልክ ነህ። የሀገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በሀገሩ ውስጥ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታውን የመምረጥ፣ በፈለገው ጊዜም ከሀገር የመውጣት ነፃነት አለው ይላል። «አስፋልት ዳር የሚኖር ኢትዮጵያዊ» አይልም። «ኔትወርክ ያለው ኢትዮጵያዊ» አይልም። ታዲያ ይሄ ዜግነት የሚሉት ነገር አስፋልቱ ሲያልቅ አብሮ የሚያልቀው ለምንድን ነው?

እስቲ መንገዱን አብረን እንቁጠረው። ደቡብ ወሎ፣ ቦረና ወረዳን ውሰድ። የወረዳው ከተማ መካነ ሰላም ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ቆላው ደግሞ ከዚያም ወርዶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ነው። እዚያ ታች ያለች አንዲት የገበሬ ልጅ ፓስፖርት ለማውጣት ፈለገች እንበል። መጀመሪያ ቀበሌ ትሄዳለች፤ መታወቂያና የልደት ሰርተፊኬት ያስፈልጋታል። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ስብሰባ ሄዷል። በሳምንቱ ስትመጣ ማዳበሪያ ሲያከፋፍል ታገኘዋለች። በሦስተኛው ደግሞ ሰውየው አለ፣ ቅጹ አልቋል። ይህን ሁሉ ብታልፍ ማመልከቻው የሚሞላው በኦንላይን ነው፤ ስለዚህ ኢንተርኔት ፍለጋ ወደ ከተማ ትወጣለች። ክፍያውም በስልክ ወይም በባንክ ነው። ከዚያ ቀጠሮ ይዛ ለአሻራና ለፎቶ ደሴ ትሄዳለች፤ መኪና፣ አልጋ፣ ምግብ። በወረቀቷ ላይ አንዲት ፊደል ከተሳሳተች «አስተካክለሽ ነይ» ትባላለች። ነይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ያውቃል? መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ተመልሰሽ፣ ሸለቆ ወርደሽ፣ ሥራ አስኪያጁን ጠብቀሽ፣ እንደገና ነይ ማለት ነው።

የከተማው ልጅ ይህንኑ ስህተት በምሳ ሰዓት ያስተካክለዋል። ሕጉ አንድ ነው፣ ቅጹ አንድ ነው፣ ዋጋው ግን አንድ አይደለም። ይህን ነው ልብ እንድትል የምፈልገው። ማንም «የገጠር ሰው ፓስፖርት አያገኝም» ብሎ አዋጅ አላወጣም። አዋጅ ቢወጣማ ኖሮ ሁላችንም እንጮህ ነበር። ሥራው የሚሠራው በዝምታ ነው፤ በርቀት፣ በቀጠሮ፣ በ«ሲስተም የለም»።

አሁን ወደ ሥሩ እንውረድ። የልደት ሰርተፊኬቱ ጉዳይ ቀላል እንዳይመስልህ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። ምዝገባው በሀገር ደረጃ በተግባር የተጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በዚያው በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት መካከል ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ከመቶው ሦስት! እንግዲህ ዛሬ ፓስፖርት ፈላጊ የሆነው ትውልድ ከዚያ በፊት የተወለደ ነው። ያኔ ገጠር ውስጥ ማን መዘገበው? «ክረምት ገብቶ ሳለ»፣ «የእገሌ ሠርግ በሆነ በዓመቱ» እየተባለ ነው ልደቱ የሚታወቀው። መንግሥት ራሱ ያልመዘገበውን ልደት ዛሬ «ማስረጃ አምጣ» እያለ ባለቤቱን ይጠይቃል። ያልሰጠህን ነገር መልስልኝ እንደማለት ነው።

አሁን ደግሞ የፋይዳ ቁጥር ተጨምሯል። ፋይዳን አልቃወምም፤ ምዝገባው ነፃ ነው፣ ሁሉም ይመዝገብ። ግን መታወቂያው ላይ «መሐመድ»፣ ሰርተፊኬቱ ላይ «ሙሐመድ»፣ ሦስተኛው ላይ በላቲን ፊደል ሌላ ዓይነት ተጽፎ ቢገኝ ጥፋቱ የማን ነው? ስሙን የጻፈው እሱ አይደለም። ሦስት ጸሐፊ ሦስት ጊዜ ጽፎታል። የሚጉላላው ግን እሱ ነው።

ከዚህ የባሰ ነገር አለ። ይሄኛውን እህት ያለህ በደንብ አንብበው።

መዝገብ በሌለበት ዕድሜ የሚወሰነው በተናጋሪው አፍ ነው። ተናጋሪው ደግሞ ደላላው ነው። በ2001 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ የልደት ዘመኗ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሳይቀየር፣ ቁጥሩ እንዳለ 2001 ተብሎ ቢጻፍ በአንዲት መስመር ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አደገች ማለት ነው። ትናንት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የነበረች፣ ዛሬ በወረቀት የሃያ ምናምን ዓመት ሴት ሆና ወደ ዓረብ ሀገር ትሳፈራለች። እዚያ ብትበደል «ልጅ ነኝ» ብትል ማን ያምናታል? ፓስፖርቷ ይመሰክርባታላ! ልደቷ በተወለደች በ90 ቀን ውስጥ ሕጉ እንደሚለው ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ይህን ቁጥር ማንም አይነካውም ነበር። ስለዚህ የልደት ምዝገባ የቢሮ ወረቀት ብቻ አይደለም። የእህትህ አጥር ነው። አጥሩን ያላጠረው መሥሪያ ቤት ነው ዛሬ ሌባ ገባ ብሎ የሚጮኸው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ለዓመታት 600 ብር የነበረው የመደበኛ ፓስፖርት ክፍያ ጨምሮ ጨምሮ በ2016 ዓ.ም. ክረምት 5,000 ብር ገባ። በአምስት ቀን ይድረስልኝ ካልክ 20,000፣ በሁለት ቀን ካልክ 25,000 ብር። 5,000 ብር ስንት ጣሳ ጤፍ እንደሆነ አንተው ከአባትህ ጋር ቁጠረው። አስቸኳዩን ተወው፤ እሱ ለገበሬ ልጅ አልተሰፋም። ልብ በል፣ 20,000ው ልዩነት የሚገዛው የተሻለ ወረቀት አይደለም፤ ያው ደብተር ነው። የሚገዛው ጊዜ ነው። ጊዜ በገንዘብ በሚሸጥበት መሥሪያ ቤት ደግሞ ገንዘብ የሌለው ወረፋ ይሆናል።

ወረፋ ባለበት ደላላ አለ። «እኔ ውስጥ ሰው አለኝ» የሚለው ሰውዬ ከየት የመጣ ይመስልሃል? ከሰማይ አልወረደም፤ ሥርዓቱ ነው የወለደው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የተቋሙ ኃላፊዎች ሳይቀሩ ከፓስፖርት ጋር በተያያዘ ሙስና ተጠርጥረው መታሰራቸውን በዜና ሰምተሃል። አንድ ሰው ታስሮ ሌላ ቢሾም መንገዱ እስካልተቀየረ ድረስ ምን ለውጥ አለው? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል በሚባልበት ሀገር መድኃኒቱ ሰው መቀያየር ብቻ አይደለም፤ የሚበላበትን ቀዳዳ መድፈን ነው።

ኢንተርኔቱንም አትርሳ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። ማመልከቻው ደግሞ በኦንላይን ነው። በአንድ እጅ «በኦንላይን አመልክት» እያሉ በሌላው እጅ ኦንላይኑን መዝጋት ምን ይባላል? ስሙን አንተ ስጠው።

አሁን ወደ ራሳችን ሠፈር ልምጣ፤ ምክንያቱም እኛም ጋ ችግር አለ። «ፓስፖርት ፈላጊ ሁሉ ሀገሩን ጥሎ ሸሺ ነው፣ ወጣቱ መሬቱን ይዞ ይታገል» የሚል ኮሜንት በየቀኑ አነባለሁ። ወንድሜ፣ ይህን የምትጽፈው ከየት ሆነህ ነው? ብዙ ጊዜ ከባሕር ማዶ ወይ ከአዲስ አበባ ካፌ ነው። አንተ ፓስፖርትህን መሳቢያህ ውስጥ አስቀምጠህ የገበሬውን ልጅ «አትንቀሳቀስ» ማለት አርበኝነት አይደለም። ፓስፖርት መያዝ መሰደድ አይደለም። ፓስፖርት ማለት «ይህ ሰው የእኔ ነው» ብሎ ሀገር የሚፈርምበት ወረቀት ነው። ውጭ የትምህርት ዕድል ያገኘ ተማሪ፣ ለሕክምና የሚሄድ በሽተኛ፣ ሐጅ የሚሄዱ አባት፣ ኢየሩሳሌም የሚሳለሙ እናት፣ ሁሉም ይፈልጉታል።

ደግሞስ ሕጋዊውን በር ስታጠብበት ወጣቱ የሚቀር ይመስልሃል? በአፋር በረሃ አቋርጦ ወደ ኦቦክ፣ አለዚያም ወደ ቦሳሶ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን ነው የሚሄደው። ወሎ ውስጥ ይህን መንገድ የማያውቅ ሠፈር የለም። ባሕር የበላቸው ሁሉ በፓስፖርት እጦት ሄዱ አልልህም፤ ድህነቱም አለ፣ ጦርነቱም አለ፣ የደላላው ስብከትም አለ። ነገር ግን ያ መንገድ ፓስፖርት አይጠይቅም፤ ቀጠሮ አይሰጥም፤ «አስተካክለህ ና» አይልም። ሕጋዊው መንገድ ዓመት ሲያስጠብቅ ሕገ ወጡ ነገ ማታ ይነሳል። ወጣቱን ማን ገፋው?

«ጥብቅ የሆንነው ማጭበርበር ስላለ ነው» ይሉናል። እሺ። ማጭበርበር አለ፤ እኛም የሀገራችን ፓስፖርት ለማንም እንዲቸበቸብ አንፈልግም። ግን ጥብቅነቱ የያዘው ማንን ነው? አጭበርባሪማ ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ ፊደሉ አይሳሳትም፤ ማኅተሙ ያበራል፤ ከፍሎ አሠርቶታላ! ወረቀቱ የተሰረዘ የተደለዘ ሆኖ የሚመለሰው እውነተኛው ገበሬ ነው። እውነተኛውን ጠልፎ ሐሰተኛውን የሚያሳልፍ ወንፊት ጥብቅ አይባልም። የተገለበጠ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው።

አንደኛ፣ አሻራና ፎቶ የሚወስድ ተንቀሳቃሽ ቡድን በየተራ ወደ ወረዳ ይውረድ። ለፋይዳ ምዝገባ መሣሪያ ተሸክሞ ገጠር መግባት ከተቻለ ለፓስፖርት የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛ፣ ጸሐፊው ያበላሸውን ስም ጸሐፊው በነፃ፣ እዚያው ወረዳ ላይ ያስተካክል። አመልካቹ በሰው ስህተት አይቀጣ።

ሦስተኛ፣ የገጠር ቀበሌ ለልደት ምዝገባ ብቻ የሚቀመጥ ሠራተኛ ይኑረው። ማዳበሪያ የሚያከፋፍል፣ ግብር የሚሰበስብ፣ ስብሰባ የሚሮጥ አንድ ሰው መዝገብ መያዝ አይችልም።

እስከዚያው ግን እጅህን አጣጥፈህ አትቀመጥ። አንተ ስልክ አለህ፣ ማንበብ ትችላለህ፤ ለዚህ ነው ይህን የምታነበው። ለበዓል ወደ ቀዬህ ስትሄድ የጎረቤትህን ልጅ ማመልከቻ በነፃ ሙላላት። ስሟ በሦስቱም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መጻፉን ከማመልከትሽ በፊት እይው በላት። የልደት ዘመኗን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር አንተው አስልተህ ጻፍ፤ አንድ ዓመት እንኳ አትጨምር። ደረሰኝ ለሌለው ክፍያ አንድ ብር እንዳትሰጥ ንገራት። አዲስ የተወለደ ሕፃን ካለ 90 ቀኑ ሳያልፍ አባትየውን ይዘኸው ቀበሌ ሂድ። ሥራ አስኪያጁ ከሌለ ቀኑን ጽፈህ ያዝ፤ በሦስተኛው ቀን አሥር ሆናችሁ ሂዱ። አንድ ሰው ሲመላለስ ባለጉዳይ ይባላል። አሥር ሰው አብሮ ሲቆም ግን ጥያቄ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለጌጥ አይደለም።

ሕዝቤን እወዳለሁ የምትል ሁሉ፣ ሕዝብህ ባንዲራ ላይ የተሳለ ሥዕል አይደለም። ቀበሌ በር ላይ ከማለዳ ጀምሮ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ የተቀመጠው ሰው ነው። ፍቅርህን እዚያ በር ላይ አሳየን።

ይህን ያነበብክ ሼር አድርግ። ከዚያ በላይ ግን ማንበብ ለማይችል አንድ አባት ቁጭ ብለህ አንብብለት።