ጳጉሜን የማያውቅ ሶፍትዌር

ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድ ሕፃን ተወለደ እንበል። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ቀኑን እንዳለ ስታስገባው ሶፍትዌሩ አልቀበልም ይላታል፤ እሱ የሚያውቀው 12 ወር ብቻ ነው። ወረፋው በሩን አልፎ ወጥቷል። ወይ ስልኳን አውጥታ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ትቀይረዋለች፣ ወይ «ነሐሴ 30» ብላ ትገላገላለች። የባሰው ግን ሶፍትዌሩ ያለ ምንም ተቃውሞ የሚውጠው ስህተት ነው። 2016ን እንደ ፈረንጅ ዓመት ከወሰደው አራሱ በአንድ አፍታ የ8 ዓመት ልጅ ይሆናል። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ መውሰድ ያለበት ክትባት ሁሉ እንዳመለጠው ይቆጠራል፤ ክብደቱ ደግሞ 3 ኪሎ!

ሪፈር ወረቀት በእጅ በሚሄድበት ዘመን ሐኪሙ ሕፃኑን በዓይኑ አይቶ ስቆ ያርመዋል። መረጃው ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከላብራቶሪ ወደ ፋርማሲ በራሱ መጓዝ ሲጀምር ግን ስህተቱም አብሮት ይጓዛል፤ በየደረሰበትም እንደ እውነት ይመዘገባል።

ሶፍትዌሮች የሚግባቡበት ደንብ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1987 የተመሠረተው ኤችኤል ሰቨን የተባለ ድርጅት በዚሁ ሥራ ላይ ነው። አውስትራሊያዊው ግራሃም ግሪቭ እ.ኤ.አ. በ2011 ሐሳቡን ያቀረበው «ፋየር» የተባለው አዲሱ ደረጃም ዛሬ በብዙ አገሮች የጤና ሥርዓት ውስጥ ገብቷል። ወር ብሎ የሚቀበለው ከ01 እስከ 12 ያለውን ነው። በዚህ ፋየርን መውቀስ አይገባም፤ ከሥርዓት ወደ ሥርዓት የሚሄደው ቀን በአንድ አቆጣጠር መሆኑ ይሻላል። የሚያከራክረው ቀያሪው ማን ይሁን የሚለው ነው፤ ያ ደግሞ የሶፍትዌሩ እንጂ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ዕዳ ሊሆን አይገባም። አይቻልም የሚል ካለ፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው፣ በኢትዮጵያም ለጤና ሪፖርት የሚያገለግለው ዲኤችአይኤስ 2 የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል። (የሰዓቱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» የታዘዘ መድኃኒት በሌሊት እንዳይሰጥ።)

ከቀኑ ይልቅ የሚከብደው ስም ነው። ፋየር ስምን የሚከፋፍለው የግል እና የቤተሰብ ብሎ ነው። እዚህ ግን ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው፤ ሚስትም አግብታ የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች። አሜሪካ የገቡ ኢትዮጵያውያን ይህን ያውቁታል፤ እናትና ልጅ በቤተሰብ ስም አይገናኙም፣ አባትየው ክሊኒክ ውስጥ በገዛ አባቱ ስም ይጠራል። አንዱ የሶፍትዌር አቅራቢ የአያትን ስም «የቤተሰብ» በሚለው ቦታ ቢያስገባ፣ ሌላው የአባትን ቢያስገባ፣ ሁለቱም ደረጃውን አክብረዋል፤ አንዱ ታማሚ ግን ሁለት ሰው ሆኗል። በዚያ ላይ ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒውተር ሦስት ናቸው። ወልደ ማርያም ተለያይቶ ይጻፍ ወይስ ተጋጥሞ? ፀሐይ በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ጸሐፊው በበዛ ቁጥር አጻጻፉም ይበዛል።

ጃፓኖች ተመሳሳይ ችግር ነበረባቸው። በፋየር ላይ የራሳቸውን ማሟያ ደንብ አውጥተው አንዱ ስም በካንጂና በካና እየተለየ እንዲመዘገብ አደረጉ። ደረጃው ራሱ ለዚህ በር ትቷል፤ በሩን ማስከፈት ያለበት ሶፍትዌሩን የሚገዛው አገር ነው። እዚህም የስም፣ የቀንና የፊደል አጻጻፍ ደንቡ በጤና ሚኒስቴር ተቆርጦ በእያንዳንዱ የግዢ ሰነድ ላይ አስገዳጅ ሆኖ ሊቀመጥ ይገባል። በእርዳታ የሚመጣ ሶፍትዌርም «ነፃ ነው» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም፤ ኋላ ለማስተካከል የሚወጣው ገንዘብና ድካም ነፃ አይደለም።

«ስሙን ትተን መዝገቦቹን በፋይዳ መታወቂያ ቁጥር እናገናኛቸው» የሚል መከራከሪያ ይነሳል። ቁጥሩ ብዙ ችግር ያቃልላል። ነገር ግን የአንድን ሰው የኤችአይቪ ውጤት፣ የአእምሮ ሕክምና ታሪክና የወሊድ መዝገብ በአንድ ቁጥር የሚያገናኝ ሥርዓት ሲሰበርም ሁሉንም በአንድ ላይ ያወጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት ጋር የመደበውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ሕግ ብቻውን ደግሞ አያድንም። አሜሪካ የታካሚን ምስጢር የሚጠብቀውን ሂፓ የተባለ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ከ28 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 2024፣ በሆስፒታሎች፣ በፋርማሲዎችና በመድን ድርጅቶች መካከል መልእክት የሚያመላልሰው ቼንጅ ኸልዝኬር ተጠለፈ። ሰርጎ ገቦቹ የገቡት በተሰረቀ የይለፍ ቃል፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ በማይጠይቅ መግቢያ በኩል ነው። ፋርማሲዎች የመድን ሒሳብ ማወራረድ አቃታቸው፤ የኩባንያው ባለቤት 22 ሚሊዮን ዶላር ቤዛ ከፈለ፤ መረጃቸው የተነካባቸው ሰዎች ቁጥርም በኋላ ወደ 190 ሚሊዮን ገደማ ተገመተ። አብዛኞቹ የድርጅቱን ስም ሰምተው እንኳ አያውቁም ነበር። አገናኝ ሶፍትዌር እንዲህ ነው፤ ታካሚው አያየውም፣ የሁሉም መረጃ ግን በሱ በኩል ያልፋል።

የእኛ አገር አዋጅ መረጃውን የሚያዝበትንና በሌላው ትእዛዝ የሚያቀነባብረውን ለይቶ ለሁለቱም ግዴታ ይሰጣል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሆስፒታል የሶፍትዌር ውል ሲፈረም ታዲያ ከዋጋውና ከሥልጠናው ቀን በፊት ጥቂት ነገሮች በጽሑፍ ሊሰፍሩ ይገባል፦ የታካሚን መዝገብ ማን ከፍቶ እንዳየ የሚያሳየው መዝገብ የት ይቀመጣል፣ ውሉ ሲያልቅ መረጃው በምን መልክ ለሆስፒታሉ ይመለሳል፣ መረጃ ቢያመልጥ ለባለሥልጣኑና ለታካሚው የሚያሳውቀው ማን ነው። አቅራቢው ለእነዚህ መልስ ከሌለው ጨረታውን በዋጋ ቢያሸንፍ እንኳ ውሉ ሊፈረምለት አይገባም።