የቱስካና ሥዕል በጎጃም መታጠቢያ ቤት

«የጣሊያን ገጠር ስልት» የሚባለው የመታጠቢያ ቤት አሠራር በአዲስ አበባ የፊኒሺንግ ሱቆች ከተለመደ በኋላ፣ በአባይ በረሃ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከሚሻገረው የግንባታ ዕቃ ጋር አብሮ የሚጓዝ ፋሽን ነው። መለያዎቹ የታወቁ ናቸው፤ ሸክላ የመሰለ ወለል፣ ሸካራ ግድግዳ፣ ጣሪያው ላይ የሚታይ ወራጅ፣ ከድንጋይ የተፈለፈለ የሚመስል የእጅ መታጠቢያ፣ ነሐስ የመሰለ ቧንቧ። ባለቤቱ ገዝቶ የሚያስገባው ግን ድንጋይም፣ ሸክላም፣ እንጨትም አይደለም። የድንጋይና የእንጨት መልክ የታተመበት ፖርሴሊንና የእንጨት መልክ ያለው ወረቀት የተለጠፈበት የፋብሪካ ጣውላ ነው። ይህ ልማድ በጎጃም ከተሞች ሥር ሳይሰድ ሊታረም ይገባል፤ የሚቀዳው ስልት ራሱ የሚያዘው የዚህን ተቃራኒ ነውና።

ስልቱ የተወለደው በመካከለኛው ጣሊያን፣ በተለይም በቱስካና ገበሬዎች ቤት ነው። ቤቱ የተሠራው ከእርሻው በተለቀመ ድንጋይ፣ በአካባቢው በተቃጠለ ኖራና ከቅርብ ደን በተቆረጠ ግንድ ነበር። የወለሉ ሸክላ በፍሎረንስ አጠገብ እንዳለችው እንደ ኢምፕሩኔታ ባሉ መንደሮች ይተኮስ ነበር፤ ቀላ ያለው ቀለሙም ከአፈሩ የመጣ እንጂ ማንም በካታሎግ የመረጠው አይደለም። መታጠቢያ ክፍል ግን በዚያ ቤት አልነበረም። አብዛኛው የቱስካና ገበሬ የምርቱን እኩሌታ ለባለ መሬቱ የሚያስረክብ እኩል አራሽ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1951 በተደረገው የጣሊያን ሕዝብ ቆጠራ በመላ አገሪቱ ኤሌክትሪክ፣ የመጠጥ ውኃና የቤት ውስጥ መጸዳጃ ሦስቱም የተሟሉላቸው ቤቶች ከመቶ 7.4 ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት አሥርተ ዓመታት ገበሬው ለፋብሪካ ሥራ ወደ ከተማ ሲፈልስ፣ ባዶ የቀሩትን ቤቶች ገንዘብ ያላቸው የከተማ ሰዎችና የውጭ አገር ዜጎች እየገዙ አደሷቸው። አሜሪካዊቷ ፍራንሲስ ሜየስ እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተመችው የቤት እድሳት ትረካና ከእሱ ተነሥቶ በ2003 የተሠራው ፊልም ያንን ኑሮ ለዓለም አስተዋወቁት። በመጽሔት የሚታየው የገጠር መታጠቢያ ቤት እንግዲህ ገበሬው ቤቱን ለቆ ከሄደ በኋላ የመጣ ነገር ነው። ከገበሬው የተወረሰው አንድ ቁም ነገር ብቻ ነው፤ በቅርብ ያለውን ዕቃ በባለሙያ እጅ አሳምሮ መጠቀም።

የታተመው ሥዕል ሲገዛ የሚጎድለው ይኸው ቁም ነገር ነው። የሚያብለጨልጨው ወለል የሳሙና ውኃ ሲነካው ያንሸራትታል፤ አሮጊትና ሽማግሌ ባሉበት ቤት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የሴራሚኩ ጠርዝ ሲሸረፍ ከሥዕሉ ሥር ሌላ ቀለም ብቅ ይላል። የፋብሪካው ጣውላ በክረምት እርጥበት አብጦ ይላላጣል። አንድ ሰሌዳ ቢሰነጠቅ አምሳያውን ለማግኘት ከፍኖተ ሰላም 380 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደሚገኘው አዲስ አበባ መላክ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ያም ሆኖ ያው ዓይነት ከገበያ ጠፍቶ ይገኛል።

በጃቢ ጠህናን ወረዳና በቡሬ ዙሪያ ያለው ዕቃ ደግሞ ከቱስካናው የሚያንስ አይደለም። የጎጃም ደጋ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ በመሆኑ ጥቁር ድንጋይ በየሜዳው አለ፤ ጠርቦ የሚያነጥፈው ሰው ከተገኘ እርጥብ ሲሆንም እግር የሚይዝ ወለል ይወጣዋል። ለበርና ለመደርደሪያ ዋንዛ አለ። ቀርከሃ ከአዊ ደጋ ይመጣል። በደጀን በኩል ያለው የአባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ የሞላበት ነው። የጤፍ ጭድ የገባበት የጭቃ ምርጊት፣ ውኃ ከሚረጭበት ቦታ እስከ ራቀ ድረስ፣ ላዩ ኖራ ከተቀባ ከየትኛውም የተገዛ «ሸካራ ቀለም» የተሻለ ግድግዳ ነው፤ እንፋሎቱን ይመጥጣል፣ መልሶም ይተነፍሰዋል።

ውኃ የሚረጭበትን ግድግዳ በተመለከተ መልሱ በየጓሮው በሚጣለው ገል ውስጥ አለ። የጥንት ሮማውያን መታጠቢያ ቤታቸውንና የውኃ ጉድጓዳቸውን ውኃ እንዳያሳልፍ ያደረጉት የሸክላ ስብርባሪ ፈጭተው ከኖራ ጋር በመለሰን ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት የኖረው የሕንጻ ሊቅ ቪትሩቪየስ የወንዝ አሸዋ ሲሆን አንድ ሦስተኛ ያህል የተወቀጠና የተነፋ ገል እንዲጨመርበት መክሯል። የሸክላው ዱቄት ከኖራው ጋር ተዋሕዶ በእርጥበት ውስጥም የሚጠነክር ልስን ይሆናል። ለዚህ የሚመቸው በመጠነኛ ሙቀት የተተኮሰ ሸክላ ነው፤ የጎጃም ማድጋና ማሰሮ ደግሞ የሚተኮሰው በሜዳ ላይ እሳት ስለሆነ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ነው። የተሰበረ እንስራ በሙቀጫ ወቅጦ፣ በወንፊት ነፍቶ፣ ውኃ ጠጥቶ ከበረደ ኖራ ጋር ማቦካት ታዲያ በጣም ጥንታዊውን የጣሊያን አሠራር በጎጃም አፈር መድገም ነው። በሞሮኮ የማራኬሽ ሰዎችም የእንፋሎት ቤታቸውን ኖራ በጠጠር እያሹ፣ ጥቁር ሳሙና እየቀቡ ውኃ የማያሳልፍ ያደርጉታል። ኢትዮጵያም ለኖራ እንግዳ አይደለችም፤ በጎንደር ቤተ መንግሥት ግቢ ያለው ወሸባ በድንጋይና በኖራ የተገነባ የእንፋሎት መታጠቢያ ነው።

ይህ ሁሉ እያለ ፊት ወደ ሥዕል የሚዞረው ያለ ምክንያት አይደለም። ደጋው አገር ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን ለዘመናት ሲንቅ ኖሯል፤ ቡዳ ብሎ አግልሏል። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም ንቀቱ አልጠፋም። በእጅ የተሠራ የሚመስለው ሸክላ ከባሕር ማዶ በውድ ሲገዛ፣ እውነተኛውን በእጇ የምትሠራው ሴት በቅዳሜ ገበያ ዳር ላይ ማሰሮዋን በርካሽ ትሸጣለች። የእጅ መታጠቢያ ገንዳ፣ የመብራት ክዳን፣ የወለል ሸክላ በልኩ የሚያዛት ሰው የለም። ይህ በደል ነው፤ ፋሽኑ የሚያደርሰው ትልቁ ጉዳትም እዚህ ላይ ነው።

ከስልት ሁሉ አስቀድሞ ደግሞ ውኃና ፍሳሽ አለ። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ከውጭ የገባ ባኞ የጀሪካን ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል። ገንዘቡ መጀመሪያ መዋል ያለበት ከፍ ባለ ቦታ ለሚሰቀል ሮቶ፣ ከጣሪያ የክረምቱን ዝናብ ለሚያጠራቅም አሸንዳ፣ ለወለሉ ተዳፋትና ለመተንፈሻ መስኮት ነው። የመጸዳጃ ጉድጓድ ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ የሚመከረው የጎረቤትን ጤና ለመጠበቅ ሲሆን፣ ግድግዳው በሴራሚክ አብረቅርቆ ጉድጓዱ የሚያፈስ ቤት ንጹሕ ሊባል አይችልም።

ለሴራሚክ የሚቀርበው ጥሩ መከራከሪያ ለማጽዳት ቀላል መሆኑ ነው፤ እውነትም ነው። በሻወሩ ሥር ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከወለል እስከ ሰው ቁመት፣ ምንም ሥዕል የሌለው ተራ ነጭ ሴራሚክ ቢለጠፍ አይነቀፍም፤ እሱ ሴራሚክነቱን አይደብቅም። ሁለተኛው መከራከሪያ የኖራ ባለሙያ አይገኝም የሚለው ነው። ይህም እውነት ነው፤ ግንበኛው የለመደው በማግስቱ የሚደርቅ ሲሚንቶ ነው። ኖራ ግን በስስ በስሱ ተደራርቦ የሚለሰን፣ ፀሐይና ነፋስ በአንድ ጊዜ እንዳያደርቁት በእርጥብ ጆንያ የሚሸፈን፣ ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ሳምንታት የሚጠበቅ ሥራ ነው። ያልበረደ ኖራ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ጥንቃቄም ይፈልጋል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የግንበኝነት ሠልጣኞቻቸውን በሲሚንቶ ልስን ብቻ ከሚያስመርቁ፣ የኖራና የገል ልስንን በአንድ ግድግዳ ላይ አሠርተው አንድ ክረምት እንዲያልፍበት ቢያደርጉ፣ የፍኖተ ሰላም ቤት ሠሪ ዓይቶና ዳስሶ የሚመርጠው ነገር ያገኝ ነበር።